ክዳኑን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ደብዳቤ ወጥቶ ነበር። ጸሐፊው የመኪናቸው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ተሰንጥቆባቸው ሦስት ጋራዥ እንደዞሩ ይናገራሉ። ሲጨርሱም «አሉሚኒየም አንዴ ከተሰነጠቀ አበቃ፤ ለቆራሌው ስጡትና ከውጭ አስመጡ» ብለው ይመክራሉ። እኔ ጋዜጣ የማነበው ቡና እያፈላሁ ነው። ያን ቀን ጀበናዬ ገነፈለ። የእኔ ክዳንም ተሰንጥቆ ነበራ! አሁን ሞተሩ ላይ ታስሮ የሐረጎን ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል።

ስለዚህ መልስ ልጽፍ ተነሳሁ። ረዘም ቢልባችሁ ከየትም ከየትም ቆርጣችሁ አውጡት። ስለ አቼቶው የጻፍኩትን ግን አደራ፣ እንዳትነኩብኝ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። 27 ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። መካኒክ አይደለሁም። መንጃ ፈቃድ እንኳ ያወጣሁት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። አላህ ይዘንለትና፣ መሪ የሚያስነካ ሰው አልነበረም። ሲሄድ የተወልኝ አንድ ቤት፣ አንድ የብርቱካን ዛፍና አንዲት ፊያት ነው።

ፊያቷ 124 ስፓይደር ናት። ሁለት በር ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች። ባለቤቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ሣር በቅሎባት፣ ዶሮ ተኝቶባት ነው ያገኛት። ስለ እሷ ሲያወራ መሽቶ ይነጋ ነበር። ቅርጿን ያወጣው ፒኒንፋሪና ነው። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1966 ቶሪኖ ላይ ነው። ሞተሯን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ደግሞ ቀደም ሲል የፌራሪን ሞተሮች ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። ለራሊ የተሰናዱት እህቶቿ እ.ኤ.አ. በ1972ና በ1975 የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና አሸንፈዋል። ይህን ሁሉ እኔ በቃሌ የማውቀው ወድጄ አይደለም፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲደገም ሰምቼ ነው። ጎረቤት በሙሉ «ስፖርቷ» ይላታል።

ሞተሯ 1608 ሲሲ ነው። አናቱ ላይ ሁለት ካምሻፍት አለው። አንዱ ነዳጅና አየር የሚያስገቡትን ቫልቮች ይከፍታል፣ ሌላው ጭስ የሚያስወጡትን። ስለዚህ ክዳኑም ሁለት ነው። ሁለት ረዘም ያሉ የአሉሚኒየም ክዳኖች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፣ በመሃላቸው ካንዴላዎቹ ተደርድረዋል። ላየው ሰው ከድስት ክዳን አይለይም። ከሥሩ ግን ካምሻፍቱ እየተሽከረከረ ዘይት ይረጫል። ያን ዘይት ውስጥ ይዞ አቧራውን ውጭ ማስቀረት ነው ሥራው። ችግሩ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ክዳን ካፈሰሰ ነው። ዘይቱ የሚወርደው መሬት ላይ ሳይሆን በጋለው የጭስ ቱቦ ላይ ነው።

የእኔም ያፈሰሰው እሱ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። የእህቴ ልጅ ኒካህ ለጥር ተቆርጧል፤ ሙሽራዋ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በስፖርቷ ትምጣ ተብሏል። እኔም መኪናዋ ትፍታታ ብዬ ሽቅብ ወደ ደሴ ነዳኋት። ሐረጎን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ወደ 600 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ከፊትህ የሚያቃስት ተሳቢ፣ ከኋላህ የሚቸኩል ሚኒባስ አይጠፋም። ግማሽ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ሽታው መጣ። ያረረ ዘይት። ከዚያ በዳሽቦርዱ ሥር ሰማያዊ ጭስ ገባ። አንድ ሚኒባስ ሲያልፈኝ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ማዘር! መኪናሽ ቁርስ እየሠራች ነው!» አለኝ። ልጁን ረግሜዋለሁ። እውነቱን ግን ነው።

ደሴ የገባሁበትን ጋራዥ ስም አልጽፍም። ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ። አንድ ወጣት ኮፈኑን ከፍቶ አየና «አብሽሪ እማማ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው። ሲሊኮን ቀብቼ አጠብቀዋለሁ፣ በቃ» አለኝ። ቀባ፣ አጠበቀ፣ ከፈልኩ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰኞ ለገበያ ስወጣ፣ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ያው ጭስ። ተመለስኩ። «አልጠበቀም ማለት ነው» አለና ረዥም እጀታ ያለው ቁልፍ አምጥቶ በሙሉ ክንዱ ጫነው።

ቀጭ አለ።

ሽመና ክፍል ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ጩኸቱን ታውቁታላችሁ። ሰው ጆሮህ ሥር ካልጮኸ አይሰማም። ግን ዓመታት ሲያልፉ ጆሮ ይለምዳል። ከዚያ ሁሉ ማሽን መሃል አንዱ ድምፁን ከቀየረ ዞር ትያለሽ። እኔም ቀጭ ያለውን ሰምቻለሁ። «ምንድን ነው?» አልኩት። «ምንም አይደለም፣ ብሎኑ ቦታውን ያዘ» አለኝ። ዓይኑን ግን ከክዳኑ ላይ አላነሳም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጭሱ ባሰ። ሌላ ጋራዥ መሄድ አስጠላኝ። የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም ቁልፍ መያዝ ይችላል፤ ከእሱ ጋር ግቢዬ ውስጥ ፈታነው። ሲሊኮኑን በጥፍሬ ልጬ ስጨርስ ከብሎኑ ቀዳዳ የተነሳ ስንጥቅ ታየ። አራት ጣት ይረዝማል፣ ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የደሴው ልጅ ይህን አይቶ ነው ሲሊኮን የደፋበት፤ እዚያ ላይ ጥርጥር የለኝም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ስንጥቁን ለማየት ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ሁለተኛ ነገር ወጣ። ከወዲያኛው ጫፍ፣ በሁለት ቱቦ እየመጣ ቀላቅለው የሚቀቡት የብረት ማጣበቂያ ተለስኖበታል። ከሥሩ ሌላ ስንጥቅ አለ፣ የቆየ። በላዩ ላይ ብርማ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙን አወቅኩት። የግቢያችን በር ቀለም ነው። ባለቤቴ ራሱ የገዛው፣ ራሱ የቀባው። የተረፈው ቆርቆሮ እስከ ዛሬ ጓዳ ውስጥ አለ። እሱም አንድ ቀን አጥብቆ፣ ሰንጥቆ፣ ቀብቶ ዝም ብሎኛል ማለት ነው። መሪ የማያስነካኝ ለካስ ወዶ አይደለም! ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ትንሽም አለቀስኩ፤ ይህን ባትጽፉትም ይሁን።

ማጥበቅ ለምን እንደሚሰብር ያን ቀን ነው የገባኝ። በክዳኑና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ቡሽ ነው። ቡሽ ትንሽ ሲጫኑት ይጨመቅና ዘይቱን ይይዛል። ሲበዛበት ይፈርጥና ወደ ጎን ይወጣል። ክዳኑ ደግሞ ስስ አሉሚኒየም ነው። ብሎኑ ጋ ወደ ታች ይጎብጣል፣ በሁለቱ ብሎኖች መካከል ወደ ላይ ይነሳል። ጠባብ ሸሚዝ አይታችሁ የለም? ቁልፉ ጋ ተይዟል፣ በቁልፎቹ መካከል ሆድ ይታያል። እንደዚያው ነው። መካኒኩ ባጠበቀ ቁጥር መካከሉ ይከፈታል፣ ያፈስሳል። ስላፈሰሰ እንደገና ያጠብቃል። አንድ ቀን እንደ ሸሚዙ ቁልፍ ክዳኑም ይበጠሳል።

ቆራሌው በሰፈር ሲያልፍ ጠራሁት። በእጁ መዘነና «80 ብር» አለ። ቀምቼው ገባሁ። ከውጭ ማስመጣቱንም አላየንም አይባልም። የመኪናዋ ሥራ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1985 ቢሆንም ወዳጅ ስላላት ዕቃዋ አውሮፓም አሜሪካም ይገኛል። ግን ዶላሩ፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ! ጥር ደግሞ አይጠብቅም።

አሁን ክዳኑን ወደሠራልኝ በያጅ ልምጣ። ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ቦርከና በሚወርደው መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። የኢሱዙ ካምቢዮ ቤት፣ የራዲያተር ጆሮ፣ የሆቴል ድስት፣ አሉሚኒየም የሆነ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። ክዳኑን ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ አሸተተው። «ይሠራል» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «እትዬ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እሳት አላስነካውም» አለኝ።

«አሉሚኒየም ነዋ!»

«ማግኒዥየም ከሆነስ?»

ይኸው፣ እንዳትቆርጡብኝ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ የስፖርት መኪኖች ክብደት ለመቀነስ ክዳናቸው ከማግኒዥየም ይፈሰሳል። ፖርሼ እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለዓመታት የ911ን የሞተር ዋና አካል በማግኒዥየም ይሠራ ነበር። በዓይን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ማግኒዥየም ሲሶ ያህል ይቀላል፤ ግን የሚያነጻጽሩበት ከሌለ እጅ ያታልላል። ልዩነቱ እሳት ላይ ነው። የማግኒዥየም ፍቅፋቂ ከተቀጣጠለ ዓይን በሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይነድዳል። ውሃ ከደፉበት ይብስበታል። ስለዚህ በያጁ ልጁን ሱቅ ልኮ አቼቶ አስመጣ። ክዳኑን በማይታይ ቦታ ቀለሙ እስኪለቅ ፋቀና በባዶው ብረት ላይ ጠብ አደረገ። ማግኒዥየም ቢሆን ወዲያው አረፋ ያወጣ ነበር። ዝም አለ። ደቂቃ ጠበቅን፣ ዝም። «አሉሚኒየም ነው» አለ። ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ እኮ ነው! ሦስቱ ጋራዦች ይህን ለእኚያ አንባቢ አድርገውላቸው ይሆን?

ደስ ብሎኝ «እንግዲህ በየደው» አልኩት። ክዳኑን መልሶ ሰጠኝ። «ዘይቱን አውጥተው ያምጡልኝ።»

የፈሰሰ አሉሚኒየም ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘይት ጠጥቷል። እንዲሁ ከተበየደ ዘይቱ ሲግል እየፈላ ይወጣና ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ይሆናል። እንጀራ ላይ ያምራል፤ እዚህ ላይ ያፈስሳል። አደራረጉን ነገረኝ። መጀመሪያ ሲሊኮኑና ማጣበቂያው ተፍቆ ይለቅ፤ ቅንጣት አይቅር። ከዚያ ከእሳት ርቆ፣ ደጅ፣ በቤንዚን ይታጠብ። ከዚያ በፈላ ውሃና በኦሞ። በደንብ ሲደርቅ ይሙቅ። አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀኝ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የፍሬን ማጽጃ እንዳልነካ። ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነና ትንሽ ከቀረበት፣ የብየዳው ብርሃንና ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ያደርገዋል። አንድ ሁለት ጊዜ ተንፍሶት ሆስፒታል የገባ የሥራ ባልደረባ እንደነበረው ነገረኝ።

ማሞቂያ አልነበረኝም። ጓሮ አንድ የተሰነጠቀ ምጣድ አለኝ፤ እንጀራ አይጋገርበትም፣ ለመጣልም ሳስቼ ያስቀመጥኩት። ከሰል አቀጣጥዬ ምጣዱን ጣድኩ፣ ክዳኑን ላዩ ላይ አጋደምኩት። ውሃ ጠብ ሲደረግበት እስኪዘል ድረስ ጋለ። ከዚያ ማላብ ጀመረ። በስንጥቁ ዳር ዳር ቡናማ ጠብታ፣ እንደ ወዝ፣ ፍንጥር ፍንጥር ይላል። በነጭ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ይወጣል። አቀዝቅዤ በኦሞ አጠብኩት፣ መልሼ ጣድኩት፣ እንደገና አላበው። በሦስተኛው ዙር ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቀረ። ቀኑ ሙሉ ሄደ። እህቴ መጥታ «የባልሽን ክዳን ነው የምታጥኚው?» አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። እሱ ሲሠራ ማየት ስለፈለግሁ በርጩማ ስጠኝ አልኩት፤ የጥቁር መስታወት ጭንብልም ሰጠኝ። በመጀመሪያ የሁለቱን ስንጥቆች ጫፍ ፈልጎ በትራፓን ቀጭን ቀዳዳ በሳባቸው። ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ኃይሉ ይበተናል፣ ከዚያ አያልፍም። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ የተተረተረ ጨርቅ ጫፉን ካላሰሩት ዝም ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ስንጥቁን በግራይንደር እንደ ቦይ አሰፋው። ለአሉሚኒየም ብቻ ባስቀመጠው የሽቦ ብሩሽ ፈተገው። ብረት የነካ ብሩሽ አያስጠጋም። ቀጥሎ ክዳኑን በሁሉም የብሎን ቀዳዳ ወፍራም ላሜራ ላይ አሰረው። ካልታሰረ ሙቀቱ ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ክዳን ደግሞ ስንጥቅ ባይኖረውም ያፈስሳል።

ስለ አሉሚኒየም ብየዳ የነገረኝን እንዳለ ልጻፈው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ላዩ ላይ ግን አየር ሲነካው የሚሠራ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ አለ። ይህ ቆዳ ካልተሰበረ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። የወተት ስልባቦት ማለት ነው፤ ከሥሩ ፈልቶ ላዩ አይበጠስም። ለዚህ ነው በተራ የብረት ብየዳ የሚሞክሩት ሰዎች በስተውስጥ አቅልጠው በስተላይ የማያያይዙት። የእሱ ማሽን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው የሚሰጠው። በአንዱ መልስ ቆዳውን ይሰብራል፣ በሌላው ያቀልጣል። አርጎን ጋዝ ደግሞ ዙሪያውን ከቦ አየር አያስጠጋም። የሚጨምረው ዘንግ አምስት በመቶ ገደማ ሲሊከን አለበት። «ብረት ሲግል ይቀላል፣ ያስጠነቅቅዎታል። ይሄ ሳይቀላ ድንገት ይወርዳል» አለኝ።

የመጀመሪያውን መስመር በየደ። ጭንብሉን አነሳ። ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያዘ። ዝም ብሎ በላዩ ቢሄድበት እኔ ምን አውቃለሁ? እሱ ግን ጠራኝና በጣቱ አሳየኝ። «ይሄ አልያዘም። ዘይት ቀርቶበታል። ልፋቀው ነው።» ፋቀው፣ እንደገና በየደው። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

«እመብርሃን!» አለ። ክዳኑን ከነላሜራው በትኩስ አመድ ቀበረው። ቶሎ ከቀዘቀዘ ራሱን ይሰነጥቃል። ተቀመጥን። ቡና ይዤ ሄጄ ነበር፤ ረቡዕ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። እኔም ዙህሬን ሰግጄ ተመለስኩ። ስለ ደሴው ልጅ አጫወትኩት፣ ስለ ባለቤቴም። በባለቤቴ ሳቀ። በልጁ ግን አልሳቀም። «እኔም ረዳት ሳለሁ ሰንጥቄ አውቃለሁ» ብሎ ዝም አለ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራቱ መጣ። ምኑን እንዳስቀደመ ልንገራችሁ? ቡናውን።

ሲጨርስ እንደገና አመድ ውስጥ ከተተው፤ ሐሙስ ነው የወሰድኩት። ለሁለቱም ስንጥቅ 2,500 ብር ከፈልኩ። ከብየዳው አጠገብ ስቱኮ አድርጎ የሚቀባ ልጅ አለ። «አዲስ እናስመስልልዎ» አለኝ። ይቅርብኝ፣ አልኩት። በአንድ ክዳን ላይ ሁለት ቀለም ያየሁ ሰው ነኝ።

ቀሪው የቤት ሥራ ነበር። ከጓርኒሲዮኑ ጋር የሚገናኘው ፊት ለጥ ያለ መሆን አለበት። ከሳሎን ጠረጴዛዬ ላይ ወፍራሙን መስታወት አንስቼ ጓሮ አስቀመጥኩ። ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ለጠፍኩበት። የክዳኑን ከንፈር ዙሪያውን በማርከር አሰመርኩና ክብ ክብ እያደረግሁ ፈተግሁት። ማርከሩ በጠፋበት ቦታ ከፍ ያለ ነው፣ ባልጠፋበት ዝቅ ያለ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ሁሉም እኩል ጠፋ። ከዚያ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። የብርጭቆ ወረቀት አሸዋ ቅንጣት ወደ ካምሻፍቱ ከገባች ሞተሩን እየበላች ነው የምትኖረው።

ጓርኒሲዮኑን ከቡሽ አንሶላ ራሴ ቆረጥኩት፤ መቀስ እጄ ላይ ይታዘዛል። የብሎን ቀዳዳውን ጫፉ በተሳለ ትንሽ ቱቦ መታሁት። አጠባበቁን በተመለከተ ከበያጁ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ ተዋስኩ። ለእንዲህ ያለ ቀጭን ብሎን ከስምንት እስከ አስር ኒውተን ሜትር ይበቃል። በእጅ ሲሆን አጭር ቁልፍ፣ በሁለት ጣት። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሁለት ሦስት ዙር። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ቡሹ ስለሚቀመጥ አንድ ጊዜ በቀስታ መዳሰስ ነው። መዳሰስ አልኩ እንጂ መጫን አላልኩም።

ሐረጎን ከመውጣቴ በፊት የተበየደውን ሁሉ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። ዘይት ከወጣ ነጩ ላይ ወዲያው ይታያል። ደሴ መግቢያ ላይ አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ክዳኑ ላይ ፓውደሩ ደረቅ ነው። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። ግን ከፊት ለፊት፣ የካምሻፍቱ ጫፍ ጋ፣ ሳንቲም የሚያህል እርጥበት አለ። ያ ሌላ ነገር ነው፤ የዘይት መያዣው ጎማ አርጅቷል። የዚህ ሞተር ቺንጋ ጥርስ ያለው ጎማ ስለሆነ ዘይት ይበላዋል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ሁሉም ነገር ተስተካክሎልኛል እንዳይመስላችሁ ነው።

እዚያው ደሴ ስለነበርኩ ወደ ጋራዡ ጎራ አልኩ። ልጁ አየኝና ቀለሙ ተለወጠ። ክዳኑን አሳየሁት። ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰው፤ «ማን ሠራው?» አለ፤ ነገርኩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲሰነጠቅ ሰምቼዋለሁ እማማ። ብነግርሽ ከደሞዜ ነበር የሚቆረጠው» አለኝ። የወር ደሞዙን ጠየቅሁት። ነገረኝ። የአንድ ክዳን ዋጋ የስንት ወር ደሞዙ እንደሆነ በጭንቅላቴ አሰላሁና ቁጣዬ ጠፋ። የጋራዡን ስም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ልጁ ይባረራላ።

የጋራዥ ባለቤቶች ጋዜጣችሁን ያነባሉ፤ ሲያነቡ አይቻለሁ። ስለዚህ ለእነሱ ነው የምናገረው። እኛ ሽመና ክፍል ክር ሲበጠስ ማሽኑን አቁሞ የሚጠራ ሠራተኛ አይቀጣም ነበር። ደብቆ ያሳለፈው ነበር ጨርቁ ሲመረመር የሚያዘው። ረዳቱ «ሰነጠቅኩት» ባለ ቀን ከደሞዙ የምትቆርጡ ከሆነ፣ እሱም በሚቀጥለው ሲሊኮን ይገዛል። የሲሊኮኑ ዋጋ ርካሽ ነው። ሐረጎ ላይ በጋለ ቱቦ ዘይት ሲንጠባጠብ ግን መኪናው ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ሙሽሮችም ጭምር።

ሙሽራዋ በጥር በስፖርቷ መጣች። ጣሪያው ተከፍቶ፣ ቬሏ በነፋስ እየተውለበለበ። የሸተተው ሽቶ ብቻ ነው።

ለእኚያ አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር። መኪናዎ ምን ዓይነት እንደሆነች አልጻፉም፣ ክዳንዎም ከምን እንደተሠራ አልነገሩንም። ቆራሌው ገና ካልወሰደው መጀመሪያ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካላወጣ ወደ ኮምቦልቻ ያምጡት፤ ዝግጅት ክፍሉ አድራሻዬን ይሰጥዎታል። በያጁ ጋ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ቡና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የጠረጴዛዬም መስታወት ገና ጓሮ ነው። እህቴ በየቀኑ መልሺው ትለኛለች፤ እርስዎ እስኪመጡ አቆየዋለሁ።

አክባሪያችሁ
ከኮምቦልቻ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ይሁን)